ስለ አውቶሞቢል ላሜራ አገጣጠም፤ በቤቱ መኪና ለሚሠራ ሰው

አንድ ሰው በገዛ እጁ፥ በገዛ ቤቱ አውቶሞቢል ሠራ ሲባል ሰሚውን ሁሉ የሚያስደንቀው የሞተሩ ነገር ነው። «ለመሆኑ ሞተሩን እንዴት አድርጎ አስነሣው?» ብሎ ይጠይቃል። ዳሩ ግን ሥራውን የሞከሩት ሰዎች አብዝተው የሚያማርሩት በሞተሩ አይደለም። ሞተር በፋብሪካ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ስለ ሆነ በቦታው አስቀምጦ ማሰርና ቧንቧውንና ሽቦውን ማገናኘት ይበቃዋል። ብዙ ቀን የሚፈጀው፥ ብዙ ላሜራ የሚያስጥለው፥ በመጨረሻም ተመልካቹን «ይህስ የጀማሪ ሥራ ነው» የሚያሰኘው የአካሉ ላሜራ አገጣጠም ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ የምንፈልገው ይህንኑ የላሜራ አገጣጠም ሥርዓት ነው። ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆነ ጭምር ለመግለጽ እንሞክራለን፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሠራተኛ ተራውን ቢያውቅም ችግር በገጠመው ጊዜ መፍትሔ አያገኝምና። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከእንግሊዝ አገር ነው፤ በቤት የሚገጣጠም መኪና ሥር የሰደደው በዚያ ነውና። ቃላቱን በሚመለከት ግን ወደ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ላሜራ፥ ኮፋኖ፥ ፓራፋንጎ፥ ቡሎን፥ ዳዶ፥ ሮንዴላ፥ ትራፓኖ የሚባሉት ከኢጣልያንኛ የመጡ ቃላት በየጋራዡ ከለመዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ስለዚህ አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ የባትላሜራ ሠራተኞቻችን በሚነጋገሩበት ቋንቋ መጻፍን መርጠናል።

፩. ስለ አመጣጡ ጥቂት

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኮሊን ቻፕማን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የመሠረተው የሎተስ ኩባንያ በ1957 «ሰቨን» የተባለችውን ትንሽ ባለሁለት መቀመጫ መኪና አወጣ። አጥንቷ ከቀጫጭን የብረት ቱቦ የተበየደ ሲሆን ልብሷ ስስ የአሉሚንየም ላሜራ ነበር። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ተገጣጥሞ ባለቀ አዲስ መኪና ላይ የግዢ ቀረጥ ይከፈል ነበር፤ በየክፍሉ ተፈትቶ ለሚሸጥ መኪና ግን አይከፈልም ነበር። ከዚህም የተነሣ ገንዘቡ ያልደረሰለት ወጣት ሁሉ ክፍሎቹን በሣጥን ገዝቶ በቤቱ ይገጣጥም ጀመር።

በ1973 የግዢ ቀረጡ ቀርቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ይህ ጥቅም ቀረ። በዚያው ዓመት ካተርሃም የተባለው ኩባንያ የሰቨንን የመሥራት መብት ከሎተስ ተረከበ። የቀረጡ ጥቅም ቢቀርም ልማዱ ግን አልቀረም። በ1996 ሮን ቻምፒየን የተባለ ሰው በ250 ፓውንድ የስፖርት መኪና በቤት እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ ብዙ ሰዎች ሣጥኑንም ሳይገዙ ቱቦውን ራሳቸው መበየድ ጀመሩ። በአሜሪካም በ1964 ብሩስ ሜየርስ የቮልስዋገንን ሞተር ወስዶ የፋይበር ግላስ አካል ያላት መኪና ሠርቶ ነበር። እንግዲህ በቤት የሚሠራ መኪና አካል በሁለት ይከፈላል ማለት ነው፤ አንደኛው ከብረት አጥንት ላይ የሚመታ የአሉሚንየም ላሜራ፥ ሁለተኛው በቅርጽ ተፈስሶ የሚመጣ የፋይበር ግላስ አካል ነው። በብዙዎቹ መኪናዎች ሁለቱ ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ጎኑና ወለሉ አሉሚንየም፥ አፍንጫውና ፓራፋንጎው ፋይበር ግላስ ይሆናል።

፪. ላሜራው ልብስ ብቻ አይደለም

ብዙ ሰው ላሜራን ዝናብና ነፋስ መከላከያ ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። ይህ ስሕተት ነው። አራት እንጨቶች በአራት ምስማር ተመትተው አራት ማዕዘን ቢሠሩና አንዱ ጥግ ቢገፋ ወዲያው ይዘማል። እንደዚሁ ዓይነቱ የበር ክፈፍ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ ቢመታበት በሁለት እጅ ቢገፋም አይዘምም። ይህ የሆነው ቆርቆሮው ጠንካራ ስለ ሆነ አይደለም፤ ለብቻው ቢያዝ በእጅ ይጣመማል። ክፈፉ እንዲዘም ቆርቆሮው በማዕዘን መሳብ አለበት፤ ስስ ላሜራ ለመታጠፍ እንጂ ለመሳብ ደካማ አይደለም።

ሰቨንን በመሰለ መኪና ወለሉና ጎኑ የሚሰጡት አገልግሎት ይኸው ነው። መኪናው በተጠማዘዘ መንገድ ሲሄድ አጥንቱ እንዳይጣመም ላሜራው ያግዘዋል። እንግዲህ ሪቬቱ ቢላላ ወይም ላሜራው ከቱቦው ቢላቀቅ የሚጎድለው ውበት ብቻ ሳይሆን የአጥንቱ ጥንካሬ ጭምር ነው። ኮፋኖው በሩጫ መካከል ቢነሣም ከሾፌሩ ፊት ላይ ይመጣል። ስለዚህ «ላሜራ ነው፥ ቆይቶ ይስተካከላል» ማለት አይገባም።

፫. ትራፓኖ ከመነሣቱ በፊት

አንደኛው ሥራ መለካት ነው። አጥንቱ በደልዳላ ቦታ ተቀምጦ ከግራው የፊት ማዕዘን እስከ ቀኙ የኋላ ማዕዘን፥ እንደዚሁም ከቀኙ ፊት እስከ ግራው ኋላ ይለካል። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ አጥንቱ ዘሟል ማለት ነው። የዘመመ አጥንት ላይ የተቈረጠ ላሜራ ከነዘመመው ይገጥማል፤ ኋላ ግን አፍንጫው ወደ አንድ ጎን ዞሮ ይታያል።

ሁለተኛው፥ ብየዳው ሁሉ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። የመቀመጫ፥ የቀበቶ፥ የመብራት ማሰሪያ ሁሉ ላሜራ ከመመታቱ በፊት ይበየዳል፤ ላሜራ ከተመታ በኋላ የሚበየድ ነገር ቀለሙንና ማጣበቂያውን ያቃጥላል። ከዚያም አጥንቱ ቀለም ይቀባል።

ሦስተኛው፥ እያንዳንዱ ላሜራ መጀመሪያ በካርቶን ይቈረጣል። ካርቶኑ በቦታው ተሞክሮ፥ ተቀንሶና ተጨምሮ ልክ ሲሆን ወደ ላሜራው ይገለበጣል። በካርቶን ላይ የተሠራ ስሕተት ዋጋው ምንም ነው፤ በአሉሚንየም ላይ የተሠራው ግን የአንድ ሉሕ ዋጋ ነው።

የሚታጠፍበት መስመር በሹል ብረት መጫር የለበትም፤ ላሜራው ኋላ የሚሰነጠቀው በዚያው ጭረት ላይ ነውና በቀለም እስክሪብቶ ይሰመርበት። እጥፋቱም ስለታም መሆን የለበትም፤ የውስጡ ክብነት ቢያንስ የላሜራውን ውፍረት ያህል ይሁን። ላሜራው አልታጠፍ ብሎ የሚሰነጠቅ ከሆነ በእሳት ይለሰልሳል። በዚህ ጊዜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አሉሚንየም እንደ ብረት ቀልቶ ሳያስጠነቅቅ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድንገት ይቀልጣል። ስለዚህ የቀድሞ ሠራተኞች ላሜራውን ሳሙና ይቀቡትና እሳቱን ከበታቹ ያንቀሳቅሳሉ፤ ሳሙናው ሲጠቁር ሙቀቱ በቃ ማለት ነውና እሳቱን ያርቃሉ።

፬. ተራውን ስለ መጠበቅ

ከሁሉ በላይ ስሕተት የሚበዛው በዚህ ነው። ደንቡ ግን አጭር ነው፤ በሁለት ነገሮች መካከል የሚገባ ነገር ከሁለቱ በኋላ ይቈረጣል።

ኮፋኖው ከፊት ከአፍንጫው፥ ከኋላ ከመስተዋቱ ሥር ካለው ሽፋን ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከመስተዋቱ ሥር ያለው ሽፋን፥ ቀጥሎ አፍንጫው ይታሰራል፤ ኮፋኖው የሚለካውና የሚቈረጠው ሁለቱ ከታሰሩ በኋላ ነው። እኛ ራሳችን በእንግሊዝ አገር በአንድ ወዳጃችን ጋራዥ ስንረዳ ይህን ሳንጠብቅ ቀርተን ተቀጥተናል። አፍንጫው በእጅ ተደግፎ ሳለ «ልኩ ይኸው ነው» ብለን ኮፋኖውን ቈረጥን። አፍንጫው በቡሎን ሲታሰር በአንድ ጎን ወደ ፊት ተገፋ፤ በዚያ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ወዳጃችን ለሦስት ወር ከደመወዙ ቈጥቦ የገዛው የመጨረሻው ሉሕ ነበርና ሥራው ሌላ ሉሕ እስኪገዛ ድረስ ቆመ። እርሱ አንድም ቃል አልተናገረንም፤ እኛ ግን ከዚያ ወዲህ ያልታሰረ ነገር አንለካም።

ወለሉና ጎኑ በሚመቱበት ጊዜም የሚዘጋውን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። በመኪናው መካከል የሚያልፈው ዋሻ የፍሬንና የነዳጅ ቧንቧ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦም የሚሄድበት ነው። እነዚህ ሁሉ ታስረው፥ ፍሬኑ ተረግጦ ቧንቧው አለማፍሰሱ ከታየ በኋላ ዋሻው ይዘጋል። ከላዩ የሚመጣው ክዳን ደግሞ በሪቬት ሳይሆን በሚፈታ ቪት ቢታሰር ይሻላል፤ የማይታይ ቧንቧ የማይመረመር ቧንቧ ነውና።

ፓራፋንጎ ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ ምክንያቱም ልኩን የሚሰጠው ጎማው ነው። መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ፥ ሞተሩ በላዩ ሆኖ፥ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፥ ቀጥሎም ወደ ቀኝ ይዞራል። ከዚያ ሞላው ወጥቶ ጎማው በክሪክ እስከሚያቆመው ድረስ ወደ ላይ ይነሣል። በዚህ ሁሉ ጎማው ፓራፋንጎውን መንካት የለበትም። በቆመ መኪና ላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት አይቶ በቃኝ ያለ ሰው በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ፓራፋንጎው በጎማው ይቀደድበታል።

፭. ስለ ሪቬት

በቤት ለሚሠራ ሰው የሚመቸው ከአንድ ወገን ብቻ የሚመታው ሪቬት ነው። በመካከሉ ሽቦ መሰል ዘንግ አለው። መሣሪያው ዘንጉን ሲስበው የዘንጉ ራስ የሪቬቱን ጅራት ከወዲያ በኩል ያሰፋዋል፤ ላሜራውና ቱቦው ከተጣበቁ በኋላ ዘንጉ በተወሰነው ጉልበት ተበጥሶ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቀዳዳው ልክ ሲሆን ነው። ለ4 ሚሊ ሜትር ሪቬት ቀዳዳው 4.1 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ የሰፋ ከሆነ ጅራቱ በቀዳዳው ውስጥ ይሰፋና ሳይጨብጥ ይቀራል፤ በዓይን ሲታይ ደህና ነው፥ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ግን ይላላል።

ቀዳዳው ከላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የሪቬቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት፤ አለዚያ ጠርዙ ይቀደዳል። ቱቦው 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከሆነ ቀዳዳው በመካከሉ፥ ይኸውም ከቱቦው ጠርዝ በ12.5 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል። ይህን ለማግኘት ላሜራው በቦታው ተይዞ ከውስጥ በኩል የቱቦው ጠርዝ ይሰመርበታል፤ ከዚያ ወርዶ መካከሉ ይለካል።

አመታቱ ከመካከል ጀምሮ ወደ ሁለቱ ዳር ነው። የአልጋ ልብስ የሚያነጥፍ ሰው ሽብሽቡን ከመካከል ወደ ዳር በእጁ እንደሚገፋው፥ ላሜራም ትርፉን ወደ ዳር መግፋት አለበት። ሁለቱ ዳር አስቀድሞ ቢመታ ትርፉ መሄጃ አጥቶ በመካከል አብጦ ይቀራል፤ በኋላ ቢቀጠቀጥም አይድንም። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከተበሱ በኋላ ላሜራው እንደገና ይወርዳል። ትራፓኖው የተወው ሻካራ ጠርዝ በሞረድ ይጸዳል፤ በመካከል የገባው ፍርፋሪም ይጠረጋል። ይህን የዘለለ ሰው ላሜራው ከቱቦው ጋር አይገጥምለትም።

፮. ሁለት ብረቶች ሲገናኙ

አሉሚንየምና ብረት ተነካክተው ውሃ፥ ይልቁንም ጨው ያለበት ውሃ ካገኛቸው እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላውም አሉሚንየሙ ነው። በእንግሊዝ አገር በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን ይህ ችግር የታወቀ ነው። ከላይ ያማረ ጎን ከጥቂት ዓመት በኋላ በሪቬቶቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበሳል።

መድኃኒቱ ሁለቱ እንዳይነካኩ ማድረግ ነው። ቱቦው ቀለም ይቀባል፤ በቱቦውና በላሜራው መካከል ሲደርቅም እንደ ጎማ የሚለመጥ ማጣበቂያ ይደረጋል። ማጣበቂያው የሚለመጥ እንዲሆን ያስፈለገበት ሌላም ምክንያት አለ። አሉሚንየም በሙቀት የሚረዝመው የብረትን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ጎን ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር አሉሚንየሙ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም ብረቱ የሚረዝመው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የቀረውን ግማሽ የሚችለው ማጣበቂያው ነው። ስለዚህም እጅግ በበረደ ቀን ላሜራ መምታት መልካም አይደለም፤ በፀሓይ ጊዜ ያብጣልና።

፯. ስለ ፋይበር ግላስ

ፋይበር ግላስ የመስታወት ጭረት በሬዚን ተነክሮ በቅርጽ ውስጥ የደረቀ ነው። አዲስ የመጣ አካል የደረቀ ይምሰል እንጂ ሬዚኑ ለብዙ ሳምንት ገና እየጠነከረ ነው። በዚህ ጊዜ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቢቀመጥ በተደገፈበት ቅርጽ ይጠነክራል። ስለዚህ እንደ መጣ በአጥንቱ ላይ ተቀምጦ ጥቂት ሳምንት ይቈይ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚከተለው ነው፤ ቡሎን ማሰሪያ እንጂ መሳቢያ አይደለም። አካሉ በማሰሪያው ላይ ሳያርፍ ክፍተት ቢተርፍ ዳዶውን አጥብቆ ማውረድ ይቻላል፤ በዚያን ጊዜም ምንም አይታይም። ከጥቂት ወር በኋላ ግን በቡሎኑ ዙሪያ እንደ ኮከብ የተበተነ ስንጥቅ ይወጣል። ክፍተቱ በጎማ ወይም በሮንዴላ ይሞላ፥ ከዚያ ቡሎኑ ይታሰር። ሮንዴላው ሰፊ ይሁን፤ ቀዳዳውም ከቡሎኑ ጥቂት ይስፋ። ሲበሳ ከሚያብረቀርቀው ወገን፥ በላዩ ተለጣፊ ወረቀት ተለጥፎ፥ በስለታም መብሻ፥ ብዙ ሳይጫኑ ነው።

በር ያለው አካል ከሆነ በመጀመሪያ ማጠፊያው ይታሰራል፤ ቁልፉ ኋላ ነው። በበሩ ዙሪያ እኩል ውፍረት ያላቸው፥ 5 ሚሊ ሜትር ያህል የሆኑ የካርቶን ቁራጮች ይሰካሉ፤ በሩ በእነርሱ ላይ አርፎ ሳለ ማጠፊያው ይጠብቃል። ቁልፉ ከመታሰሩ በፊት የዙሪያው ጎማ መለጠፍ አለበት። ጎማ ሳይለጠፍ በደንብ የተዘጋ በር ጎማው ሲመጣ እንቢ ይላል።

ለጤናም መጠንቀቅ ያሻል። የፋይበር ግላስ ትቢያ ሳንባን ይጎዳል፥ ቆዳንም ያሳክካል፤ በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት መፋቅና አፍና አፍንጫን በመከላከያ መሸፈን ይገባል። ሬዚኑን የሚያደርቀው ፈሳሽ ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ይችላል። መጠኑም ከመቶ 1 ወይም 2 ያህል ብቻ ነው፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ያበዛ ሰው ሬዚኑ በዕቃው ውስጥ ሲጋልና ሲጨስ ያገኘዋል።

፰. ጠርዝና ምርመራ

በእንግሊዝ አገር በቤት የተሠራ መኪና ታርጋ ከማግኘቱ በፊት ለብቻው ይመረመራል። ይህ ዓይነቱ ምርመራ በ1998 ተጀምሮ በ2009 በሌላ ተተክቷል። መርማሪው የላሜራውን ውጫዊ ጠርዝ በተለይ ይመለከታል። ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ኳስ ሊነካው የሚችለው ጠንካራ ጠርዝ ሁሉ ክብነቱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። አንዲት ሚሊ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ላሜራ ይህን ክብነት በራሱ ሊያገኝ አይችልም፤ ስለዚህ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል ወይም ለስላሳ ጎማ ይለብሳል።

ይህ ደንብ ለመሐንዲስ ማስቸገሪያ የተደረገ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ጠርዙን የሚነካው ሾፌሩ አይደለም። መንገድ ሲሻገር በመኪናው የተመታ ሰው ነው፤ ቆሞ በሚታየው መኪና አጠገብ የሚሮጥ ሕፃን ነው። ባለመኪናው በፈቃዱ የገባበትን አደጋ እነርሱ አልፈቀዱትም።

፱. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የዘረዘርነውን ሰብሰብ አድርገን ብንመለከተው ሥርዓቱ አንድ ነው። ያልታሰረ አይለካም፤ ያልተሞከረ አይበሳም፤ ያልገጠመ በቡሎን አይሳብም፤ የሚዘጋ ነገር ከመዘጋቱ በፊት ይመረመራል። ላሜራው በመጨረሻ የሚለበስ ቢሆንም በመጀመሪያ የሚታሰብ ነገር ነው።

ይህ ሥርዓት መኪና ከመሠረቱ ለሚሠራ ሰው ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በአገራችን ጋራዦች የተጋጨ መኪና የሚያቃና የባትላሜራ ሠራተኛም በሩን፥ ፓራፋንጎውንና ኮፋኖውን አንዱን ካንዱ የሚያስማማው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ ሥርዓቱን በእጁ መያዙ፥ እኛ በወረቀት ላይ ማስፈራችን ብቻ ነው። የወዳጃችን መኪና ሁለተኛው ኮፋኖ ከተቈረጠ በኋላ ተመርምራ ታርጋዋን አግኝታለች። የተበላሸውን ሉሕ ግን አልጣለውም፤ ከላዩ ላይ ለዋሻው ክዳንና ለባትሪው ማስቀመጫ የሚሆን ቈርጦበታል።